የቦነያ አይሮፕላኖችና የሰዎቻቸው ታሪክ

በጦርነት ጊዜ የወደቀ ወይም የተቃጠለ አይሮፕላን ታሪክ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የብረቱ ነው፤ ይኸውም የሞተሩ፣ የክንፉና የተሠራበት ፋብሪካ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የሰዎቹ ነው፤ ማን ነዳው፣ ማን ተሳፈረበት፣ ማንስ አጠፋው የሚለው ነው። ይህን የሚመረምሩ ሊቃውንት ከስብርባሪው ላይ ቁጥር አንብበው ከጦር መዝገብ ጋራ ያስተያያሉ፤ በዚህም የበረረበትን ቀንና የተሳፋሪዎቹን ስም ያገኛሉ። ነገር ግን የአንዱ ወገን ስም ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ምርመራው ገና እኩሌታው ነው። በ1928 ዓ.ም. በወለጋ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ቢይዙም ከባኮ በአኖና በስሬ አልፎ ወደ ነቀምት የሚወስደው አገር ገና በእጃቸው አልገባም ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ራስ እምሩ በጎሬ ነበሩ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ግን ከኢጣልያኖች ጋራ መላላክ ጀምረው ነበረ። በዚያው አገር ደግሞ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ቆሞ ነበረ። አባሎቹም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ነበሩ።

በሰኔ 19 ቀን ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖች በነቀምት አጠገብ በቦነያ ሜዳ ላይ ዐረፉ። ሁለቱ ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒ ነበሩ፤ ይህ ዓይነቱ አይሮፕላን ለቦምብ መጣያም ለጭነትም የሚያገለግል ነው። ከመጡት ሰዎች መካከል የአየር ኃይሉ ሹም ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማርዮ ካልዴሪኒና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶንዮ ሎካቴሊ ይገኙ ነበረ። ሎካቴሊ በ1910 ዓ.ም. እስከ ቪየና ሰማይ የበረረ፣ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ በግሪንላንድ አጠገብ ከባሕር ላይ በአሜሪካ መርከብ የዳነ ሰው ነበረ። ሰሜን ባሕር ያላጠፋው ሰው በወለጋ ሜዳ ላይ ዐረፈ።

በዚያች ሌሊት አርበኞቹ ሰፈሩን ከበው መቱ፤ አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ኢጣልያኖቹንም ገደሉ። ከሞት የተረፉት የካቶሊክ ቄስ አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ አይሮፕላንን ከሰማይ የሚያወርድ መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነበራት፤ ስለዚህ የጠላት አይሮፕላን በወራት ጦርነት ሁሉ ያለ ስጋት ቦምብና መርዝ ሲያወርድ ኖረ። የቦነያ ሰዎች ግን አይሮፕላን መሬት በረገጠ ጊዜ ከተራ ድንኳን የማይበልጥ መሆኑን አሳዩ።

ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ኢጣልያኖች በበቀል ነቀምትን ከአየር ደበደቡ፤ በድርጊቱ እጁ የሌለበት የከተማው ሰውም የመከራው ተካፋይ ሆነ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ከጥቁር አንበሳ መሪዎች ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ከየካቲት 12 በኋላ በጠላት እጅ ተገደሉ።

ኢጣልያ ሟቾችዋን አልረሳችም፤ ለሎካቴሊ በትውልድ ከተማው በቤርጋሞ መታሰቢያ ተሠራለት፤ በሲሲልያ ያለው የኮሚዞ አየር ማረፊያም በማልዮኮ ስም ተጠራ። ለሟች መታሰቢያ ማድረግ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ታሪክ በአንድ ወገን ሐውልት ብቻ ቢነበብ፣ የመጡት ሰዎች ስም ሲኖር የተመጣባቸው ሰዎች ስም ይጠፋል። ስለዚህ የቦነያን ታሪክ የሚመረምር ሰው የሞተሩን ቁጥር በሚፈልግበት ትጋት የአርበኞቹን ስም፣ በነቀምትም ከሰማይ በወረደው እሳት የሞቱትን ስም ሊፈልግ ይገባዋል። ብረት ይዝጋል፤ የሰው ስም ግን ከተጻፈ ይኖራል።