በኪጋሊ ዳገት፦ የሩጫና የብስክሌት ነገር

ኪጋሊ የገባ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ይኼ አዲስ አበባ አይደለም እንዴ?» ነው። ዳገቱን አይቶ ነው። ልዩነቱ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ኪጋሊ 1,500 ሜትር አካባቢ መሆኗ ነው፤ ትንፋሽ ያን ያህል አያጥርም። ዝናቡም እንደ አገራችን ክረምት አንድ ጊዜ አይወርድም፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ብርድ የሚባል ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ የሚሮጥና ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይጠፋም።

ብስክሌት ግን እዚህ አገር በፊት የሥራ ዕቃ ነው፤ ኋላ ነው ስፖርት የሆነው። በኪኛሩዋንዳ «ኢጋሬ» ይሉታል። አገራችን አህያ የሚሠራውን እዚህ ኢጋሬ ይሠራል። ድንች፣ ሙዝ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም በር ከነመቃኑ ይጫንበታል። ቁልቁለቱን ተቀምጦበት ይወርዳል፤ ዳገቱን ወርዶ ይገፋዋል። እኔ ነጋዴ ነኝና ሙዙን ስሸጥ የዚያ ሰው ላብ ዋጋው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

የሩዋንዳ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1988 ተጀመረ፤ በ2009 ወደ ዓለም አቀፉ መርሐ ግብር ገባ። በመካከሉ 1994 አለ። አድሪየን ኒዮንሹቲ በዚያ እልቂት ስድስት ወንድሞቹን አጥቶ፣ በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገብቷል፤ በብስክሌትም ተወዳድሯል። ይህን ለልጆቻችን መንገር ተገቢ ይመስለኛል፤ የምንኖረው በእነሱ አገር ነውና። ዙሩን ኤርትራውያንም ደጋግመው አሸንፈዋል፦ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2010፣ መርሃዊ ቁዱስ በ2019፣ ናትናኤል ተስፋጽዮን በ2020 እና በ2022፣ ሄኖክ ሙሉብርሃን በ2023። አስመራም ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት።

ልጆቻችን ሩጫ የእኛ፣ ብስክሌት የሌላው ይመስላቸዋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማሸነፉን ያውቃሉ። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ሜልቦርን ከሄዱት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው፤ ሮምም ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 የፈረንሳይን ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ኪጋሊ ከ2005 ጀምሮ የሰላም ማራቶን ታካሂዳለች። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በተወሰኑ እሑዶች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ፤ ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ የመጣው እዚህ ኪጋሊ ነው። የሴቶቹ ዋና ውድድር በመስቀል ዕለት፣ የወንዶቹ በማግስቱ ዋለ። ወንዶቹ 267.5 ኪሎ ሜትር ነዱ፤ የኪሚሁሩራን የድንጋይ ንጣፍ ዳገት እየደጋገሙ ወጡት። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እስከ መጨረሻው የዘለቁት 30 ብቻ ናቸው። ሰኞ ጠዋት መንገዱ ሲከፈት ሙዝ የሚያመጣልኝ ልጅ ኢጋሬውን እየገፋ መጣ፤ እንደ ወትሮው ዋጋ ተከራከርን።