የቤት ኮምፒዩተር ጥገናና ማሳደግ፤ ታሪኩና ለደሴና ለኮምቦልቻ የሙያ ትምህርት ያለው ፋይዳ

አንድ የትምህርት መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው በአመዛኙ ሲበላሽ ተከፍቶ ሊጠገን መቻሉ ነው። በደቡብ ወሎ ይህ ጉዳይ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች ሥር በቆዩበት ጊዜ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ጨምሮ በአካባቢው የሚገኙ የትምህርት ተቋማት ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርገዋል። ከዚያ በኋላ በመምህራንና በፕላን ሠራተኞች ፊት የተደቀነው ጥያቄ ምን ይገዛ የሚለው ብቻ አልነበረም፤ ከተረፈው ምን ሊድን ይችላል የሚለውም ጭምር ነበር። ለዚህ ጥያቄ የቤት ኮምፒዩተር ታሪክ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የቤት ኮምፒዩተር የተወለደው በተገጣጣሚ ዕቃነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበውን አልቴር 8800 ብዙዎቹ ገዢዎች ራሳቸው በብየዳ ይገጣጥሙት ነበር። መነሻ የማስታወሻ አቅሙ 256 ባይት ብቻ ስለነበረ፣ ተጨማሪ አቅም የፈለገ ሰው መቶ መስመር ባለው የጋራ ማገናኛ ላይ ሌላ ካርድ ይሰካለት ነበር። በ1977 የወጣው አፕል 2 ስምንት የካርድ መሰኪያዎች ነበሩት። በ1981 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሲንክሌር ዜድኤክስ 81 ደግሞ 1 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ስለነበረው፣ ባለቤቶቹ 16 ኪሎባይት የሚይዝ ጥቅል በጀርባው በኩል ይሰኩለት ነበር። ጥቅሉ ጥቂት ሲነቃነቅ የተሠራው ሥራ ሁሉ በቅጽበት ይጠፋ እንደነበር ተጠቃሚዎቹ አይረሱትም። በዚያው ዓመት የወጣው የአይቢኤም ፒሲም አምስት መሰኪያዎች ነበሩት።

የእነዚህ መሣሪያዎች ዐቢይ ጠባይ ግልጽነታቸው ነው። የአፕል 2 እና በ1982 የወጣው የኮሞዶር 64 መጻሕፍት የኤሌክትሪክ ሥዕላቸውን ለአንባቢ ያቀርቡ ነበር። ብዙዎቹ ቺፖችም በሶኬት ላይ የተሰኩ ስለነበሩ ተነቅለው ሊተኩ ይችሉ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በዚያ ዘመን የ16 ኪሎባይት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚሠራው 4116 በተባሉ ስምንት ቺፖች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቺፕ ከአንድ ባይት ስምንት ቢቶች አንዱን ብቻ ይይዛል። በማስታወሻው ውስጥ 65 ቁጥር ተጽፎ በንባብ ጊዜ 67 ቢገኝ ልዩነቱ 2 ነው፤ እንግዲያው መመርመር ያለበት ሁለተኛውን ቢት የያዘው ቺፕ ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ የተማረው የሁለትዮሽ ቁጥር አቆጣጠር በእጁ የሚዳሰስ ነገር ይሆንለታል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከፊደላችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የመጀመሪያው ፒሲ የፊደላቱን ቅርጽ የሚይዘው በማይለወጥ ቺፕ ውስጥ ነበር፤ የቦታዎቹም ብዛት ከ256 አይበልጥም ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉባቸው ለላቲን ፊደል የሚተርፍ በቂ ቦታ አይኖርም። ስለሆነም የላቲን ባልሆነ ፊደል ለሚጽፉ አገሮች ከነበሩት መንገዶች አንዱ የፊደሉን ቺፕ ነቅሎ አዲስ በተሞላ ቺፕ መተካት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢጂኤ፣ በ1987 ደግሞ ቪጂኤ የተባሉት የምስል ካርዶች ከወጡ ወዲህ ቅርጾቹን በፕሮግራም መጫንና እስከ 512 የሚደርሱ ቅርጾችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ተቻለ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አጋፋሪ» የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጀው በዚያው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ 345 ቦታዎችን ይዞ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ማሽኑን ለአገር ቋንቋ ማዋል የተቻለው አስቀድሞ ውስጡን ባወቁ ባለሙያዎች እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ያረጀ ኮምፒዩተር የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። የኃይል ማቅረቢያው ካፓሲተሮች ይደርቃሉ ወይም ይፈሳሉ፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ባትሪ ፈስሶ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ የካርድ መሰኪያዎች አቧራና ዝገት ይይዛሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደጋው አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል፤ በኮምቦልቻ ደግሞ የአካባቢው አየር ራሱ ሞቃት ነው። በመሆኑም በሁለቱም ከተሞች አቧራን በየጊዜው መጥረግ ከሁሉ የሚቀድም ጥገና ነው። ኃይሉ ሳይለካ ቺፕ መለወጥም ብክነት ነው። ከላይ የተጠቀሰው 4116 ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ የሚፈልግ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አዲሱም ቺፕ ሊቃጠል ይችላል። የኃይል ማቅረቢያ ሲከፈት፣ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ተማሪ ያለ መምህር መንካት የለበትም።

ዛሬ የሚሸጡት ብዙ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ማስታወሻቸው በሰሌዳው ላይ የተበየደ በመሆኑ ለማሳደግ አይመቹም። ይሁን እንጂ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩት ለኢትዮጵያ ሕፃናት የተሰጡት ኤክስኦ ላፕቶፖች በተራ ዊንጭ የሚፈቱ ሆነው የተነደፉ ሲሆኑ፣ መለዋወጫ ብሎኖችም በውስጣቸው ተቀምጠው ነበር። ሆኖም ብሎን ብቻውን አይጠግንም፤ ቴስተርና የብየዳ ብረት የሚይዝ የሠለጠነ እጅ ያስፈልገዋል።

ይህን እጅ ለማፍራት በደሴ የወይዘሮ ስሕን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ይገኛሉ። የፕላን ሠራተኞች ኮምፒዩተር በሚገዙበት ጊዜ ማስታወሻውና ማከማቻው ሊለወጥ የሚችል መሆኑን በጨረታው ሰነድ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ከግዥው ገንዘብም ለመለዋወጫ የሚሆን ድርሻ ቢለዩ ይጠቅማል። መምህራን በበኩላቸው የተበላሸውን ሁሉ ወደ መጋዘን ከመወርወር ይልቅ የብልሽቱን ዓይነት በመዝገብ ቢይዙና ከሁለት ሙት ማሽኖች አንድ ሕያው የማውጣትን ሥራ ለተማሪዎች የተግባር ትምህርት ቢያደርጉት፣ የተቋሙ ዕቃ ይድናል፤ ተማሪውም ሙያ ይጨብጣል። በጦርነት የተዘረፈ ትምህርት ቤት ዕቃውን እስኪተካ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል፤ ጥገናን የተማረው ወጣት ግን በዚያው ዓመት ሥራ ሊጀምር ይችላል።