ተገልባጭ ላፕቶፕና የጋቢና ማረፊያው

ተገልባጭ ላፕቶፕ የምንለው ስክሪኑ በማጠፊያው ላይ ዞሮ በኪቦርዱ ላይ የሚተኛውን ወይም ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ተገልብጦ ከኪቦርዱ ጀርባ የሚገጥመውን ነው። ሲከፈት እንደማንኛውም ላፕቶፕ ይጻፍበታል፤ ሲገለበጥ ታብሌት ሆኖ በጣት ወይም በብዕር ይሠራበታል። ሻጮች ኮንቨርቲብል ይሉታል። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ተለይቶ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ እሱን ተነቃይ ላፕቶፕ ብንለው ይበቃል።

ታጣፊ ለምን አንለውም የሚል ይኖራል። ላፕቶፕ ሁሉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ቃሉ አንዱን ከሌላው አይለይም። ደግሞም ታጣፊ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ክላሹ ነው። ተለዋዋጭ የሚለውን የሒሳብ መምህራን ቀድመው ወስደውታል። ተገልባጭ ግን ዕቃው የሚያደርገውን በቀጥታ ይናገራል። እክሉ አንድ ነው፤ ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ተገልባጭ የሚባል ነገር ሲገባ ደስ አይለውም። የሚገለበጠው ስክሪኑ እንጂ መኪናው አይደለምና ይለፈን።

ሁለተኛው ቃል የጋቢና ማረፊያ ነው። ላፕቶፑን መኪና ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው፣ ሲፈለግም የሚለቀው የብረት ሥራ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራ፤ እግሩ፣ ምሰሶው፣ ክንዱና ሰሌዳው ሁሉ። ሰዎች የስልኩን ሆልደር ያውቁታል፣ ግን በመስታወት ላይ በላስቲክ የሚጣበቀው ሆልደር ሁለት ኪሎ የሚመዝን ማሽን አይችልም።

ዕቃው አዲስ አይደለም። ፓናሶኒክ ለሻካራ ሥራ የሚሆነውን ተፍቡክ የተባለ ላፕቶፑን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር፤ በኋላ የመጣው ሲኤፍ-19 የተባለው ሞዴሉ ስክሪኑ የሚዞር ሲሆን በውጭ አገር በፖሊስና በጥገና መኪኖች ውስጥ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ማይክሮሶፍት በብዕር የሚሠራ ታብሌት ፒሲ ብሎ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው፣ ስክሪኑ 360 ዲግሪ የሚዞረው ዓይነት የተስፋፋው ደግሞ ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2012 ዮጋን ካወጣ በኋላ ነው።

ለእኛስ ምን ይሠራል? ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ እናስብ። ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናቸው። ከሁለቱም ከተሞች ጠዋት ጠዋት የመሬት አስተዳደር፣ የግብርና፣ የጤናና የመንገድ ባለሙያ በፒክአፕ ወደ ቀበሌ ይወጣል። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ የገበሬው ማሳ በአየር ፎቶ ላይ ተለይቶ ወሰኑ ይሰመራል። ይህን ፎቶ በስልክ ስክሪን አይቶ የሁለት ጎረቤታሞችን ድንበር መለየት ዓይን ማድከም ነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌት ተገዝቶ እንደነበር ይታወሳል፤ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ተላለፈ እንጂ መረጃን ከወረቀት ወደ ስክሪን የማዛወሩ ነገር የተቆረጠ ነበር። ታብሌት ግን ቅጽ ለመሙላት እንጂ ሪፖርት ለመጻፍ አይመችም። ሜዳ ላይ ታብሌት፣ ማታ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ የሚሆን አንድ ዕቃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አካባቢው ራሱ ምርጫውን ይወስናል። የጤፍ አገር ነው፤ አፈሩ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ መኪናው ዳር ላይ ይቆምና ባለሙያው በእግሩ ይቀጥላል። ስለዚህ ማረፊያው ማሽኑን ያለ መፍቻ፣ በአንድ እጅ መልቀቅ አለበት። በበጋ ደግሞ መጋቢ መንገዱ አቧራ ነው። እዚህ ላይ የማጠፊያው ዓይነት ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ሻጭም አይነግርዎትም። መሐል ላይ ባለ አንድ ማጠፊያ የሚዞረው ዓይነት ሲገለበጥ ስክሪኑ ኪቦርዱን ይከድነዋል፤ አቧራው ቁልፎቹ ውስጥ አይገባም። 360 ዲግሪ የሚዞረው ግን ሲገለበጥ ኪቦርዱ ከታች ተጋልጦ በሰሌዳው ላይ ይተኛል፤ ቁልፎቹ ባይሠሩም አቧራ ይጠጣሉ፣ ይፋተጋሉ። በሌላ በኩል የመሐል ማጠፊያው የስክሪኑን ክብደት ሁሉ በአንድ ነጥብ ስለሚሸከም ኮረኮንች ላይ ስክሪኑ ተከፍቶ ከሄደ እየተርገበገበ ይላላል፤ ሁለት ማጠፊያ ያለው የተሻለ ይችላል። የእኔ ምርጫ የመሐል ማጠፊያ ያለው ነው፣ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ተገልብጦ ወይም ተዘግቶ እስከተቀመጠ ድረስ። ከፍቶ መጻፍ መኪና ሲቆም ነው።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማከማቻው ይሁን። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንባቢው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። መንገጫገጭ ያጋጨዋል። ከዚህም ሌላ አምራቾች ለብዙዎቹ የሚሰጡት የከፍታ ገደብ 3 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያ ሽፋንም ይሳሳል። ብቸናና ሞጣ ከዚያ በታች ናቸው፤ ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው ግን ከ3 ሺህ ያልፋል፣ ተራራው ራሱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ከሁለቱም ጣጣ ነጻ ነው። ሌላው ሁሉ ቢያሟላም ኤስኤስዲ የሌለውን፣ ማስገባትም የማይቻልበትን አይግዙ።

ስክሪኑም ፀሐይ ላይ መታየት አለበት። የተለመደው ላፕቶፕ ብርሃን 300 ኒት አካባቢ ነው፤ ለጠራራ ፀሐይ 800 እና ከዚያ በላይ ይመከራል። ይህ ውድ ነው፤ ያልተቻለ እንደሆነ የማያንጸባርቅ ስክሪን መርጦ ጥላ ሥር መሥራት ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ዳሽቦርድ መብሳት አያስፈልግም። የተሳፋሪው ወንበር ከወለሉ ጋር የታሰረባቸው የፊት ቡሎኖች አሉ፤ እነሱን ፈትቶ ከሥራቸው ወፍራም የብረት እግር አስገብቶ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። ቡሎኑ ለተጨመረው ውፍረት የማይበቃ ከሆነ በዚያው ጥንካሬ ረዘም ያለ ይፈለግ፤ ወንበር የያዘ ቡሎን ነውና አይቀለድበትም። ከእግሩ ላይ ቱቦላሬ ይቆማል፣ ከቱቦላሬው ክንድ፣ ከክንዱ የላሜራ ሰሌዳ። ብየዳ ቤትና ጋራዥ ባለበት ከተማ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ባለሙያው ምሰሶውን እንዳያስረዝመው ብቻ ይነገረው፤ በረዘመ ቁጥር ንዝረቱ ይጨምራል። በሰሌዳውና በማሽኑ መካከል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ይነጠፍ፤ የላፕቶፑን የአየር መውጫ ግን እንዳይሸፍን። ክንዱንና ሰሌዳውን በሚያያይዘው ቡሎን ላይ ሁለት ዳዶ ይታሰር፣ አንዱ ሌላውን እንዲቆልፍ።

ቦታው ሦስት ነገር እንዳይነካ ይጠንቀቁ፦ የሾፌሩን እይታ፣ ማርሽና የእጅ ፍሬን የሚንቀሳቀሱበትን፣ ኤርባግ የሚፈነዳበትን። ኤርባግ ፊት ለፊት የቆመ ላፕቶፕ ተሳፋሪው ፊት ላይ ይወረወራል። ሳይታሰር ወንበር ላይ የተቀመጠውም ቢሆን መኪናው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ድንገት ቢቆም እሱ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ስክሪኑም ወደ ተሳፋሪው ይዙር። አሽከርካሪ እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ ማነጋገር በትራፊክ ደንብ ክልክል ነው፤ ካርታ ማየትና ቅጽ መሙላት ደግሞ ከስልክ ይብሳል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ 10 አምፒር ከሆነ ከ12 ቮልት ባትሪ 120 ዋት ገደማ ያሳልፋል፤ 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ ይተርፋል። ባትሪውን በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ፣ መልሶ በቻርጀር ወደ 20 ቮልት ማውረድ ሁለቴ ኃይል ማባከን ነው፤ በቀጥታ ከመኪናው የሚሠራ ቻርጀር ይሻላል። ትልልቅ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ ቻርጀሩ ላይ ከ12 እስከ 24 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ቻርጀሩ ከዚያ በኋላ ይሰካ።

በጀቱ ለሁለቱም የማይበቃ መሥሪያ ቤት ከላፕቶፑ ዋጋ ቀንሶ ለማረፊያው ይጨምር። በደንብ የታሰረ ያገለገለ ማሽን፣ ወንበር ላይ ከሚንከባለል አዲስ ማሽን ይልቅ ከብቸና ሞጣ በደህና ይደርሳል።