የነፃ ጨዋታ መሠረት

ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚቀርቡትን ጨዋታዎች ጠባይ ለመረዳት የሚሻ ሰው የፍላሽን ታሪክ መመርመር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ፊውቸርስፕላሽ የተሰኘውን የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ገዝቶ ፍላሽ ብሎ ሰየመው። ሥዕሉ በመስመሮች ቀመር ስለሚያዝ ፋይሉ አነስተኛ ነበር፤ በቀርፋፋው የስልክ መስመርም በቀላሉ ይተላለፍ ነበር። ማጫወቻው በነፃ በመታደሉ ወጣት ሠሪዎች ጨዋታቸውን እንደ ኒውግራውንድስ ባሉ ድረ ገጾች ያለ ክፍያ አቀረቡ።

ይሁን እንጂ የማጫወቻው ቁልፍ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ማክሮሚዲያን የጠቀለለው አዶቢ፣ ክፍት የሆኑ አዳዲስ ደረጃዎች ስለተስፋፉ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ማጫወቻው የፍላሽን ሥራዎች እንዳይከፍት ተደረገ። የፍላሽፖይንት በጎ ፈቃደኞች ጨዋታዎቹን ባይሰበስቡ፣ ራፍል የተባለው ክፍት ፕሮግራምም የማጫወቻውን ሥራ ባይተካ ኖሮ ብዙው የሰው ድካም ከንቱ በቀረ ነበር።

የፍላሽ ጨዋታ የተረፈው ፋይሉ ተቀድቶ ሊቀመጥ ስለቻለ ነው። ከዛሬዎቹ ነፃ ጨዋታዎች የብዙዎቹ ዋና ክፍል ግን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚገኝ፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ተጫዋቹ እጅ የሚቀር ነገር የለም። እንግዲህ ድልድይ ስንሠራ የጥገናውን ኃላፊ አስቀድመን እንደምንወስን ሁሉ፣ ፕሮግራም ስንሠራም የነገ ጠባቂው ማን እንደሆነ ከወዲሁ መወሰን የሙያችን ግዴታ ነው።