አክተሩ ማን ነው? የአውቶቡስ ተራ ተመልካችና ያልተጻፈው የሲኒማ ታሪካችን



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፊልም ሠሪዎች ሳይሆን ስለ ተመልካቾች ነው። የሀገራችን የሲኒማ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ከዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይነሣል፤ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ በሰየመው አዳራሽ በኩል ያልፍና በ1957 ዓ.ም. ወደ ታየው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»፣ ቀጥሎም ወደ «ጉማ» ይሻገራል። ይህ አተራረክ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ግን መርካቶን መዝለሉ ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። የወረራው አስተዳደር ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ሲያቅድ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ለሀገሬው ሕዝብ ወደ ከለለው ሠፈር ገፋው። መርካቶ የሚለው ስም የዚያ ውሳኔ ትዝታ ነው። ኋላም ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው አውቶቡስ መንገደኛውን የሚያራግፈው በዚሁ ሠፈር፣ በአውቶቡስ ተራ ሆነ። ሲኒማ ራስንና ሲኒማ አዲስ ከተማን የሚሞላው ሰው በአመዛኙ የገበያው ሠራተኛ፣ ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሾፌሩና ገና የገጠር አቧራውን ያላራገፈው እንግዳ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚያው በ1936 ዓ.ም. ሄንሪ ላንግሏ ከጓደኞቹ ጋር በፓሪስ ሲኒማቴክ ፍራንሴዝን መሠረተ። ዓላማው አሮጌ ፊልሞችን ከጥፋት ማዳንና ደጋግሞ ማሳየት ነበር። «ሪፐርቶሪ ሲኒማ» የሚባለው፣ ማለትም የቆዩ ፊልሞችን መርጦ የሚያሳይ ቤት፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለውለታ ቢኖረውም ከላንግሏ የበለጠ ስሙ የሚነሣ ጥቂት ነው። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ መርካቶም የራሱ ሪፐርቶሪ ነበረው። ልዩነቱ በፓሪስ መራጩ የፊልም ዐዋቂ ሲሆን በመርካቶ መራጩ ራሱ ተመልካቹ መሆኑ ነው። ሕዝብ የወደደው ፊልም ይመለሳል፤ ያልወደደው አይመለስም።

ለዚህ ቁሳዊ ምክንያትም ነበረው። አንድ የ35 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅል የሚይዘው ቢበዛ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የህንድ ፊልም እንግዲህ ዘጠኝ ያህል ጥቅል ይፈልጋል። ቅጂው ውድ በመሆኑ እስኪያረጅ ድረስ ይሠራበታል። በተበጠሰ ቁጥር ኦፕሬተሩ የተጎዳውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ይለጥፋል፤ ስለዚህ ፊልሙ በተደጋገመ መጠን ያጥራል። በልጅነቴ አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት የሚናወጠው ምስሉ ሲቋረጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቁት ትዕይንት ተዘሎ ሲያልፍም ነበር። ያ ጩኸት ፊልሙን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ተቃውሞ ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል፤ ቅጂው እየተበላ ሲሄድ ሙሉው ፊልም የቀረው በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነበርና።

እኔ ያደግሁት ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳልርቅ ነው። ሲኒማ የወሰደችኝ ለሾፌሮችና ለረዳቶች ምግብ እየሠራች ትሸጥ የነበረች አክስቴ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ ህንድኛም አታውቅም። አብረን ያየነው መህቡብ ኻን በ1957 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ራዳ የተባለችው ገበሬ ቤተሰቧ በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተይዞ ከምርቱ ሦስት አራተኛውን ለወለድ ይገብራል፤ በሬ ስታጣ ራሷ ቀንበር ትጎትታለች። አክስቴ እያለቀሰች «ይቺ ሴትዮ የእኛ አገር ሰው ናት» ስትለኝ አስታውሳለሁ። ፊልሙን ዳግመኛ ስትተርከው ታሪኩ የሚፈጸመው በወሎ ነበር፤ አበዳሪውም ባለርስት ሆኖ ይመጣል።

እኛ ልጆች ዋናውን ባለታሪክ «አክተር» እንለው ነበር። ሕጋችንም አንድ ነበር፦ አክተር አይሞትም። በ«ማዘር ኢንዲያ» ግን ሽፍታ የሆነውን ቢርጁን የምትገድለው የገዛ እናቱ ናት። ከአዳራሹ ከወጣን በኋላ ብዙ ተከራከርን። ቢርጁ ከሞተ አክተር አይደለም፤ ታዲያ አክተሩ ማን ነው? ክርክሩን የቋጨችው አክስቴ ናት። «እናቲቱ ናታ!» አለች። ይህን መልስ ከየትኛውም የፊልም ሐያሲ አላነበበችም።

ብራያን ላርኪን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የሰሜን ናይጄርያ ሐውሳዎች የህንድ ፊልም የወደዱበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ፊልሙ ምዕራባዊ ያልሆነ ዘመናዊነትን ስላሳያቸው ነው ይላል። ትንታኔው ጠቃሚ ቢሆንም ለመርካቶ የሚበቃ አይመስለኝም። የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በእኔ የልጅነት ዘመን አዳራሹን ይሞሉ ከነበሩት ጎልማሶች መካከል እኩል አራሽነትን፣ ሲሶ አራሽነትን በገዛ ሕይወታቸው ያወቁ ብዙ ነበሩ። እነርሱ በሸራው ላይ ያዩት ሊሆኑ የሚመኙትን ሰው አልነበረም፤ ጥለውት የመጡትን ቀዬ ነበር።

ያ ዘመን አልፏል። ሲኒማ ራስ በደርግ ዘመን ቴአትር ቤት ሆነ፤ አሮጌው ሕንፃም ፈርሶ በአዲስ ተተካ። ቪዲዮ ቤቶች ተመልካቹን ወሰዱ፤ ቀጥሎ በዲጂታል ካሜራ የሚሠራው የአማርኛ ፊልም መጣ። ሕንፃ መፍረሱ ያሳዝነኛል፤ ይሁን እንጂ ከተማ ይፈርሳል፣ ይሠራል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ተመልካቹ ሳይጠየቅ ማለፉ ነው።

በዚህ ረገድ ተወቃሹ እኔ ነኝ። የዶክትሬት ጽሑፌን ስሠራ ይህን ሁሉ ተውሁት፤ ምክንያቴም በመዝገብ ቤት ሰነድ አላገኘሁለትም የሚል ነበር። ሰነዱ በየሳምንቱ ቡና አፍልታ ታጠጣኝ ነበር። አክስቴ ስታርፍ ድምፅዋን የያዘ አንድ ክር እንኳ በእጄ አልነበረም። ዛሬ የነገርኋችሁ እኔ የማስታውሰውን ብቻ ነው፤ እርሷ የምታስታውሰው ሌላ ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ይህን ነው። የዚያ ዘመን ኦፕሬተሮች፣ ትኬት ቆራጮችና ተመልካቾች ዛሬ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የፊልሙን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ ከማን ጋር እንደሄዱ፣ የት እንደተቀመጡ፣ ስንት ጊዜ እንዳዩት፣ ቤት ሲመለሱ ለማን እንዴት አድርገው እንደተረኩት ጠይቁ። የተሳሳተ ትረካ ብትሰሙ አታርሙ፤ እንዳለ መዝግቡት። ወሎ የገባችው ራዳ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ማስረጃ ናት።