የኦሞ አጥንትና የንጉሠ ነገሥቱ ሽልማት ዜና

ይህ ዜና የተጻፈው በሞያሌ፣ በኬንያው ወገን ነው፤ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም እኩል ሊባል በሚችል ርቀት ላይ፣ በአንድ ስም እየተጠራች ለሁለት መንግሥት በምትገዛ ከተማ። ጸሐፊው ስለ ሽልማት ሊናገር ተነሥቶ ስለ ወሰን ቢያወራ አንባቢ አይቆጣ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ለሥነ ጥበብ፣ ለድርሰትና ለምርምር የደከሙ ሰዎች ክብር እንዲያገኙ በስማቸው የሽልማት ድርጅት አቆሙ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ተሸለመ፤ በ1965 ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በ1966 ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ1967 ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን። በፖላንድ የተወለደው የቋንቋ ሊቅ ቮልፍ ሌስላውም በ1965 ተሸልሟል፤ ባዕድ ነው ተብሎ አልተከለከለም።

የዚህ ዜና ዋና ነገር ግን ወዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኬንያ በሄዱ ጊዜ ሉዊስ ሊኪን አገኙ። እርሱም በካቤቴ የተወለደ የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ልጅ ነው፤ ከሚስቱ ከሜሪ ጋራ በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ገደል የጥንት ሰው አጥንት አግኝቶ ስሙ ገንኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲህ ያለው አጥንት በኢትዮጵያ ስለ ምን እንዳልተገኘ ጠየቁት። እርሱም ፈቃድ ቢሰጥ እንደሚገኝ መለሰ። ፈቃዱም ተሰጠ።

በ1959 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በክረምት፣ የሦስት አገር ሊቃውንት ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ ወረዱ። ፈረንሳዮቹን ካሚል አራምቡር መራ፤ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። አሜሪካኖቹን ክላርክ ሃወል፣ ኬንያውያኑን የሉዊስ ልጅ ሪቻርድ መራ፤ እርሱ ገና 22 ዓመቱ ነበር። በወንዙም ላይ አዞ ጀልባቸውን ቦጫጨቀባቸው። ለኬንያውያኑ የደረሰው መሬት ደለሉ ከሌሎቹ ድርሻ ይልቅ የቅርብ ዘመን ነበረና ሪቻርድን ደስ አላሰኘውም። ነገር ግን ካሞያ ኪሜው የሚባል የካምባ ሰው፣ ዓይኑ የተባረከ፣ በዚያው ሸለቆ ኪቢሽ በሚባለው ስፍራ የሰው አጥንት አየ። የራስ ቅሉ ስብርባሪና ከቀረው አካል ከፊሉ ተለቀመ፤ እንደ እኛ ያለ ሰው አጥንት ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ወራት በሞያሌ በኩል፣ የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ሶማሌዎች ወደ ሶማሊያ ለመቀላቀል ያነሡት፣ የሽፍታ ጦርነት የሚሉት ነበረ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ኬንያታና የሶማሌው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል፣ የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ካውንዳ አስታራቂ ሆኖ በአሩሻ የተስማሙት በጥቅምት 1960 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው። የወሰኑ ምሥራቅ ሲታመስ ምዕራቡ አጥንት ለቃሚ ያስተናግድ ነበር ማለት ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ሉዊስ ሊኪ ስለ አፍሪካ ምርምር የንጉሠ ነገሥቱን ሽልማት ተቀበለ። ለአባትየው መሰጠቱ አግባብ ነው፤ የሥራው ጠንሳሽ እርሱ ነበርና። ሆኖም በፀሐይ ሐሩር ጎንበስ ብሎ መሬት ሲያይ የዋለው ኪሜው ነው። የጥንት ዜና መዋዕል ደጃዝማቹን እንጂ ጋሻ ጃግሬውን በስም አይጽፍም፤ የሽልማቱም መዝገብ ከዚያ አልራቀም።

ከዚህ በኋላ በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ሽልማቱም አብሮ ቀረ። ሌስላውንና ሊኪን ስትሸልም የነበረች አገር ልጆቿ ክብራቸውን ከሰው ደጅ ይቀበሉ ጀመር። በ2001 ዓ.ም. የካቲት፣ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል፣ ኃይለ ገሪማ ስለ «ጤዛ» ፊልሙ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በአሜሪካ አይዋ፣ ገቢሳ እጀታ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣቱ የዓለም የምግብ ሽልማትን ከ250,000 ዶላር ጋራ ተቀበለ። ጎረቤታችን ኪሜውም ከእነርሱ ቀድሞ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1985፣ የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበርን ሜዳይ ከፕሬዚዳንት ሬገን እጅ ተቀብሎ ነበር፤ ከኪቢሽ 18 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ሲታመስ የነበረው ወሰንም ዘመን ተለወጠለት፤ በሞያሌ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የዚያን ጊዜው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁ።

የአጥንቱ ዜና ፍጻሜ ደግሞ ይህ ነው፦ በ2014 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ላይ ሪቻርድ ሊኪ ሞተ። በጥር የኪቢሹ ሰው ዕድሜ እንደ ገና ተቆጥሮ፣ 195,000 ሲባል የነበረው ከ200,000 ዓመት እንደሚበልጥ ተነገረ። በሐምሌም ካሞያ ኪሜው አረፈ።