ስሟ የት ተጻፈ?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ዳገት ነው። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ትወጣላችሁ፤ በመጨረሻም ገደሉን ታክኮ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ከአለት ወደተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ። መንገደኛ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ግን አንድ ቀን እግራችሁ ካደረሳችሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሻችሁን ስትሰበስቡ ወደ ታች ተመልከቱ። ዳገቱ ላይ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ማሳዎች ታያላችሁ። የማን ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ “የአቶ እገሌ” ትባሉ ይሆናል። የወይዘሮ እገሊት የሚላችሁ ሰው ግን ብዙ አይገጥማችሁም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣቶች ፕሮግራማችን የሴቶች መብት በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ወገን ይይዛል። አንዱ “ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው” ብሎ ይቃወማል። ሌላው “ከውጭ ቢመጣስ? እሰየው!” ብሎ ይደግፋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ስለ መነሻው ተስማምተዋል። እኔ ግን ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ ከዚሁ ከላስታ ልጀምር።

አሸተን ማርያምን ትውፊት የሚያያይዛት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ነው። ስለ እኚሁ ንጉሥ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ንጉሥ ላሊበላ በባለቤታቸው በንግሥት መስቀል ክብራ ምክር ዙፋናቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቁ ይባላል። ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፈ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ነጠቁ። ንግሥቲቱ ይህን ሲሰሙ ባላቸውን መክረው ወደ ዙፋናቸው እንዲመለሱ አደረጓቸው። ቤተ አባ ሊባኖስንም ያሠሩት እኚሁ ንግሥት ናቸው ይላል ትውፊቱ። ትውፊት እንደ ሰነድ አይቆጠርም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን የሴት ምክር ንጉሥ ሲያነግሥና ሲያወርድ የሚተርክ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈ ሕዝብ፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም ማለት ነው። ወሎም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነ ወርቂትንና መስታወትን የመሰሉ ሴት ገዥዎች ነበሩት። ይሁን እንጂ ንግሥት ስላለች እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣው ሴት መብት አላት ማለት አይደለምና ወደ ማሳው እንመለስ።

በሰሜኑ ደጋ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የገበሬው መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር። ርስት የአቅኚው አባት ዘር ሁሉ የሚካፈለው ነው፤ ዘር ደግሞ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። ስታገባ ርስቷ የባሏ አይሆንም። ስትፋታ የራሷ እንደሆነ ይቀራል፤ ስትሞት ለልጆቿ ታወርሰዋለች። በእናቱ ወይም በሚስቱ በኩል ያገኘውን መሬት የሚያርስ ወንድም ብዙ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲለያዩም አብረው ያፈሩትን እኩል መካፈላቸው የታወቀ ነው።

አሁን በዚያው ዘመን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ከእንግሊዝ በተወረሰው ሕግ መሠረት ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ ተለይታ አትታይም ነበር። ገንዘቧና ዕቃዋ በጋብቻ የእሱ ይሆናል፤ መሬቷንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ በራሷ ስም ውል መዋዋል አትችልም። የኒውዮርክ ግዛት ያገባች ሴት ንብረቷ የራሷ ሆኖ እንዲቆይ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ግዛት፣ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች የሴቶችን እኩልነት በሚጠይቅ መግለጫ ላይ ስማቸውን አኖሩ። የተሰበሰቡት በዌስሊያን ሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ውስጥ ነበር፤ ይህቺን ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሳልነግር ባልፍ ይቆጨኛል። መግለጫው ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የመምረጥ መብት ነው። እሱ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ደግሞ 72 ዓመት ፈጀ።

እንግዲህ በ1848 የላስታዋ ሴት በርስት ጉዳይ የኒውዮርኳ ሴት ገና የምትታገልለትን ይዛ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስል ላስታ ለሴት ገነት ነበረች እያልኩ አይደለም። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚለው ተረት የኛው ነው። ልጅቷ የምትዳረው ሳትጠየቅ፣ ብዙ ጊዜም ገና በልጅነቷ ነበር። ስትዳር ባሏ አገር ትሄዳለች፤ ርስቷ አባቷ አገር ይቀራል፤ በወንድሟ እጅ ያለን መሬት ከሩቅ ሆኖ መሟገት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከሁሉም በላይ ማረሻ የወንድ ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ በሬ ጠምዳ ማረስ ግን እንደ ነውር ይታያል። ስለዚህ ባል የሌላት ባለ ርስት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥና ከምርቱ ተካፍላ ትኖራለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ወረቀቱ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ለሕዝብ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ በልጅነታቸው ከፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ምርጫ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ሕጉ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው አለ፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው፣ የጋራ ሀብታቸውንም በዋናነት የሚያስተዳድረው እሱ ሆነ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር። ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ከሌለው ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች የሚል አንቀጽም አለበት! ሕግ አውጪው የትኛውን ቤት እያሰበ እንደጻፈው እናንተው ፍረዱ።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ፈረንሳይ ራሷ “ባል የቤተሰብ ራስ ነው” የሚለውን ከሕጓ የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እኛ በተዋስነው ወረቀት ላይ ግን ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ቆየ። “ከውጭ የመጣው የሴቶች መብት ነው” ለሚሉት ወንድሞቼ መልሴ ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ከውጭ የመጣው የባል ሥልጣን ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያለ ጾታ ልዩነት ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ይሰጣል ብሎ ነበር። ብዙ ጭሰኛን ከባርነት ያላነሰ ኑሮ አውጥቷልና ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ርስት ሲቀር የሴቲቱ ርስትም አብሮ ቀረ። መሬቱ የሚደለደለው ለቤተሰብ ሆነ፤ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ በአብዛኛው የሚሰፍረው ደግሞ የአባወራው ስም ነው። አያቷ በእናቷ በኩል የምትቆጥረው መሬት የነበራት ሴት አሁን “የእገሌ ሚስት” ተብላ የምትኖር ሆነች።

ስም ከወረቀት የሚቀረው በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም፤ እኛም ቤት አለ። በጉባኤያችሁ “የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማን ተረጎመው?” ብላችሁ ጠይቁ። “ኦነሲሞስ ነሲብ” ትባላላችሁ። ትክክል ነው፤ ግን አልተሟላም። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ለትርጉሙ የሚሆን 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽም ጽፋ አቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ሥራም ከኦነሲሞስ ጋር ደከመች። ለረጅም ጊዜ ሲነሳ የኖረው ግን የእሱ ስም ነው።

ከዚያ የመጣው ለውጥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን ራስነት አስቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 አደረገ። ለዚህም ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቁመው ብዙ ተከራክረዋል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የመሬት ደብተሩ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል ማሳ እየተለካ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ሆነ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈበት። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ደግሞ በራሷ ስም ብቻ ደብተር ወሰደች። ቀድሞ በተጀመረበት በትግራይ ደብተሩ የሚሰጠው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበርና ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች የአባታቸውን ርስት ሲጠይቁ የአምስቱም ስም አንድ በአንድ መጻፉ ለምን እንደሆነ የገባኝ ስለዚህ ደብተር ሳነብ ነው። ስሟና ፎቶዋ ያለበትን መሬት ባሏ ብቻውን ወስኖ ሊያከራይ ወይም ሊያስተላልፍ አይችልም።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለች። ማረሻው አሁንም የወንድ ነው። በላስታ ዳገት ላይ ደብተሩን በራሷ ስም የያዘች፣ ግን በሬም አራሽም በቤቷ የሌላት ሴት፣ የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል አሁንም በሬ ካለው ሰው ደጅ ትቆማለች፤ ምርቱንም ከእሱ ጋር ትካፈላለች።